ለንባብ እስካገለገለ ድረስ

ሚያዝያ 6

ለተከበሩ አጎቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ዓይንዎ፣ ያ የሚያስቸግርዎ ወገብዎ እንዴት ነው? ልጅዎስ ከሌሊት ሥራዋ ጋር ተላመደች? እኛ ደህና ነን። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ቢልብንም፣ ሰው የማይለምደው የለምና እየለመድነው ነው። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥዎት፤ ወጥተው የሚገቡበትን መንገድ ሁሉ ያቅናልዎት።

ጋሼ፣ ዛሬ የምጽፍልዎት ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ነው። አያቴ ለከተማው የሰጡት፣ እርስዎ ዕድሜዎን የጨረሱበት፣ ከአራት ዓመት በፊት ልጅዎ ወደምትኖርበት ውጭ አገር ስትወስድዎት ለእኔ ቁልፉን ያስረከቡኝ ቤት አደጋ ላይ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ «ተጠቃሚ የለውም» ብሎ ጽፎብናል። እስከ ሐምሌ 30 ድረስ ቤቱን ለብዙ ሰው የሚጠቅምና የራሱን ወጪ የሚችል የሚያደርግ ዕቅድ ካላቀረብን፣ የግብር ክፍሉ የመዝገብ ማከማቻ ይሆናል።

ዝም ብለን አልተቀመጥንም። አንዲት ወጣት መሐንዲስ በነጻ ልትሠራልን ፈቃደኛ ሆና ዕቅድ አወጣን። ጣራው ላይ ሶላር ይተከላል፤ የዝናቡ ውሃ በታንከር ይጠራቀማል። ባለ መስተዋት ሳጥኖቹ ይከፈታሉ፤ መጻሕፍቱን ሰው በእጁ አንሥቶ ያያል። የፊተኛው አዳራሽ ሰው የሚሰበሰብበት፣ የሚመካከርበት፣ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር የሚቀመጡበት ይሆናል። ጥግ ላይ ሻይ ይሸጣል፤ የሻዩ ኪራይ የጥበቃውንና የጽዳቱን ደመወዝ ይችላል።

የሚቀረው አንድ ነገር ነው። አያቴ በስጦታ ውሉ ላይ «ለንባብ እስካገለገለ ድረስ የከተማው ይሁን፤ ካልሆነ ለልጆቼ ይመለስ፤ አሠራሩን ለመለወጥም በሕይወት ያለው ታላቅ ልጄ ይፍቀድ» ብለዋል። ከልጆቻቸው በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። የፈቃዱን ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ከታች መፈረም ብቻ ነው፤ ቀላል ነገር ነው።

እጅ ነሥታ የምትሰናበትዎ፣
የእህትዎ ልጅ

ግንቦት 9

ለእህቴ ልጅ፣ የሟች እህቴ ምትክ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤና አይጉደልብሽ፤ ደጅሽ የሰው ይሁን፤ እጅሽ የያዘው ሁሉ ይባረክ። እኔም ልጄም ደህና ነን።

ሰላምታው እዚህ ላይ ያበቃል።

የላክሽውን ወረቀት ሳነብ መጀመሪያ የጠረጠርኩት መነጽሬን ነው። ሻይ? አባቴ በሰጠው ቤት ውስጥ ሻይ? ቀጥሎስ ምን ልታደርጉበት ነው፣ አልጋ ልታከራዩበት? አንቺ ልጅ ሆነሽ እየመጣሽ ታዪው አልነበር? አንባቢ ሲመጣ በሩ ላይ እጁን ይታጠባል። ወደ መስኮቱ ይቀርብና የመጽሐፉን ስም ይናገራል። እኔ ሰውዬውን አየዋለሁ፤ ለዚያ መጽሐፍ የደረሰ መሆኑን እመዝናለሁ፤ ከደረሰ አወጣለታለሁ። በእኔ ዘመን አንድ ገጽ አልተቀደደም። ጮክ ብሎ ያስነጠሰ ሰው አልነበረም ብልሽ ማጋነን አይሆንም። የሰፈሩ ልጆች «ጸጥታ ይከበር» የሚል ቅጽል ስም እንዳወጡልኝ አውቃለሁ። ስድብ መስሏቸው ነበር፤ እኔ ግን እንደ ሹመት ነው የያዝኩት።

ለወሬ ቦታ ጠፍቶ ነው? ወሬ ታክሲ ውስጥ አለ፤ ገበያ ውስጥ አለ፤ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ እንኳ አለ። አንድ ዝም የሚባልበት ቤት ቢኖር እሱንም ቀናችሁበት። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም? መጻሕፍት ጸጥታ ይወዳሉ። እጁን ሳይታጠብ፣ ኩባያ ይዞ፣ ልጅ አቅፎ፣ ስለ ጎረቤቱ እያማ መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው አንባቢ አይደለም፤ ዝናብ የሸሸ መንገደኛ ነው።

ጣራው የሚያፈስ ከሆነ ለጣራው የሚሆን ገንዘብ እልክልሻለሁ። ፊርማ ግን አልልክም።

ጽሑፌ ቢዛነፍብሽ አትቀየሚኝ። ሹራብ የምትሠራዋ ሴትዮ ስለ ጉልበቷ ሕመም ለሹፌሩ ስታወራ ጠረጴዛው እየተነቃነቀ አስቸገረኝ።

አጎትሽ

ግንቦት 30

ለተከበሩ አጎቴ፣

በያሉበት ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ልጅዎን ሳሙልኝ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሳምንት አልፎታል። ቶሎ ያልመለስኩት ደሜ እስኪበርድ ነበር፤ አልበረደም። እናቴ ብትኖር «ለታላቅ እንዲህ አይጻፍም» ብላ እስክሪብቶውን ትቀማኝ ነበር። እሷ ስለሌለች እጽፋለሁ።

በዘመንዎ አንድ ገጽ አልተቀደደም አሉኝ። እውነት ነው። ባለፈው ሰሞን ከመሐንዲሷ ጋር በስተቀኝ ያለውን ባለ መስተዋት ሳጥን ከፈትነው። እርስዎ ራስዎ የቆለፉት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ክፈቱልኝ ያለ የለም። መጻሕፍቱ በወግ በወጉ ተደርድረዋል፤ ጀርባቸው ላይ ያለው የወርቅ ቀለም ያብለጨልጫል። አንዱን ስስበው ጀርባው ብቻ እጄ ላይ ቀረ። ውስጡ አፈር ሆኗል። ሁለተኛውም እንደዚያው፤ ሦስተኛውም። ምስጡ በግድግዳው በኩል ገብቶ፣ ማንንም ሳይረብሽ፣ ድምፁን ሳያሰማ አንድ ሳጥን ሙሉ መጽሐፍ በልቶ ጨርሷል። ዝም አይነቅዝም ያሉኝ ጋሼ፣ ነቅዟል። ሰው በየቀኑ ቢያገላብጣቸው ኖሮ ቢያንስ እናውቅ ነበር።

የሰፈሩን ሰው ሰብስበን ከዚህ ቤት ምን እንደሚፈልግ ጠይቀን ነበር። መጀመሪያ እጇን ያወጣችው የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ናት። ተማሪ ሳለች ስለ ሰው አካል የሚያስተምር መጽሐፍ ልትጠይቅ መጥታ፣ በመስኮቱ በኩል «ይህ ላንቺ አይሆንም» ተብላ እንደተመለሰች ተናገረች። ማን እንዳላት አልጠቀሰችም። መጥቀስም አላስፈለጋት፤ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ። በዚህ ሰፈር ከሚሮጡት ሕፃናት ግማሹን ያዋለደችው እሷ ናት ጋሼ። የተማረችውን የተማረችው ከእኛ ቤት ውጭ ነው። እጄን ታጥቤ ባደግኩበት ቤት ሳፍር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ዛሬ በቀን አምስት ሰው ቢመጣ ነው። ከአምስቱ ሁለቱ የሚመጡት ለእንቅልፍ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ይህን ቆጥሮ ነው የጻፈብን። ገንዘብዎን አመሰግናለሁ፤ አይላኩ። ገንዘብ ጣራውን ይደፍናል እንጂ በሩን አይከፍትም። እኔ የምፈልገው ፊርማ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከልጅዎ ጋር ብቻ ነው የምኖረው ብለውኝ አልነበር? ይህ ሹፌር ማን ነው? ሹራብ የምትሠራዋስ? አገቡ እንዴ?

የእህትዎ ልጅ

ሰኔ 21

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን።

አላገባሁም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው፤ ስለማያስፈልግሽ ነገር ጻፍኩልሽ። ጎረቤቶች ናቸው። እዚህ ቤታችን ሰላም ነው። ልጄ ሌሊት ሠርታ ቀን ስለምትተኛ ኮሽ የሚል ነገር የለም፤ እንደምወደው።

ስለ ምስጡ አዘንኩ። ሳጥኑ ከግድግዳው አንድ ክንድ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ ለናንተ አልነገርኳችሁ ይሆናል። ስለ አዋላጇ የጻፍሽውን ሳነብ መጽሐፉ የትኛው እንደነበር አስታወስኩ። ሥዕሎች ነበሩበት፤ ለልጃገረድ የሚሆን አልመሰለኝም። ይህን እንተወው።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ሁሉም ሰው በሚያወራበት ቤት ውስጥ፣ በቤቱ ጸጥታ ያጣ ሰው የት ሄዶ ያንብብ? አንድ ክፍል ውስጥ ከወንድምና ከእህት ጋር ተጨናንቆ የሚኖር ተማሪ፣ እኔ ዘንድ እየመጣ እስኪመሽ ይቀመጥ ነበር። እሱን ለማን ተዋችሁት? ለብዙ ሰው፣ ለብዙ ሰው ትላላችሁ። እሱ ሰው አይደለም? መሐንዲሷ ይህን ጥያቄ በሥዕሏ ትመልስልኝ።

ስለ ሐምሌ መጨረሻው ደግሞ አትስጊ። ማዘጋጃ ቤትን ካንቺ በፊት አውቀዋለሁ። በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ ቀን ቆርጠውብኛል፤ አንዱንም ራሳቸው አስታውሰውት አያውቁም። አንድ ጊዜ «በአስቸኳይ» ተብሎ የተጻፈልኝ ደብዳቤ በሦስተኛው ዓመት ደርሶኛል፤ የጻፈው ሰውዬ ጡረታ ሊወጣ መሳቢያውን ሲያጸዳ አግኝቶት ነው፤ እግረ መንገዱንም ይቅርታ ጠይቆኛል። ስለዚህ ቀን ተቆረጠ ብለሽ አታጣድፊኝ። እነሱ ቀን ይቆርጣሉ እንጂ ቀን አያከብሩም።

አጎትሽ

ሐምሌ 10

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት። ጤናዎን ይጠብቅልን።

ፊርማዎን ሳልጠብቅ አንድ ነገር አድርጌያለሁ፤ ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ልንገርዎት። ለሙከራ ብለን አዳራሹን ለአንድ ሳምንት ለሰፈሩ ከፈትነው። መሐንዲሷ አንድ ሶላር ተውሳ አመጣች። ልብስ ሰፊው ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ መጥቶ ስለ ቁልፍ ቀዳዳ አሠራር አሥር ሴቶችን ሲያስተምር ዋለ። አዋላጇ እርጉዞችን ሰብስባ አወራች። መጽሐፍ የወሰደው ሰው ብዛት ካለፈው ዓመት ሁሉ በለጠ። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ለእርስዎም ደብዳቤ መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ አፍዎን የሚያስይዝ ደብዳቤ።

በአራተኛው ቀን ለፈተና የሚያነቡት ተማሪዎች ደብተራቸውን ሰብስበው ወጡ። ከነሱ አንዷ፣ ረጅሟ፣ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። «እኛ ቤት ስድስት ሰውና አንድ ቴሌቪዥን አለ። እኔ እዚህ የምመጣው መጽሐፍ ፍለጋ አይደለም፤ ጸጥታ ፍለጋ ነው። ለሁሉም ሰው ቤት ስትሠሩ እኔን ከሁሉም ውስጥ አልቆጠራችሁኝም» አለችኝ። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

በጣም ተናደድኩ። በልጅቷ አይደለም፤ በእርስዎ ነው። ትክክል ስለነበሩ። ትክክል የሆነ ሰው ደግሞ ይህን ያህል ክፉ ሆኖ መናገር አለበት?

መሐንዲሷ ሥዕሉን እንደገና ሠርታዋለች፤ አብሬ ልኬልዎታለሁ። በመንገዱ በኩል ያለው አዳራሽ የወሬ ነው። በስተኋላ ያለው ክፍል የዝምታ ነው፤ የራሱ በር አለው። በሁለቱ መካከል ከወለል እስከ ጣራ መደርደሪያ ይቆማል፤ ግድግዳውን ራሳቸው መጻሕፍቱ ይሆኑታል፤ ከሁለቱም በኩል እጅ ይደርስባቸዋል። ረጅሟ ልጅ ከኋላ ቆማ አንዷ በፊት በኩል እንድትጮህ አድርጋ ፈትሻዋለች፤ መደርደሪያውን በባዶ ካርቶኖች አስመስለን ሠርተን ማለቴ ነው። ትንሽ ይሰማል እንጂ አይረብሽም ብላለች።

እንግዲህ የጠየቁኝን መልሻለሁ። ሐምሌ 30 እየደረሰ ነው። ስለ ማዘጋጃ ቤቱ የሚሉትን አውቃለሁ፤ ግን አዲሱን ሹም አያውቁትም። ቀኑን ግድግዳው ላይ ለጥፎ በየጠዋቱ ያየዋል። አሁን ለመፈረም ምን ቀረዎት?

የእህትዎ ልጅ

ነሐሴ 3

ጋሼ፣

ደብዳቤዎ አልመጣም። የመጣው ጓጉንቸር ነው።

ሹሙ ከሁለት ሠራተኞች ጋር በጠዋት መጥቶ ፈቃድ ያልተሰጠበትን ዕቅድ እንደማይቀበል ነግሮኝ በሩን ቆለፈው። ቤቱ በውሉ መሠረት ለንባብ የተሰጠ ነው ስለው ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? «መዝገብም ይነበባል» አለኝ። አልሳቀም። ሲመሽ መዝገቡን በጭነት መኪና አመጡት። መጻሕፍቱን ከግቢው በረንዳ ሥር ከምረናቸዋል፤ በሸራ ሸፍነናቸዋል።

ጤና ይስጥዎት።

የእህትዎ ልጅ

መስከረም 12

ለእህቴ ልጅ፣

ከእኔ ሰላምታ የምትቀበይበት አንጀት እንደሌለሽ አውቃለሁ። ቢሆንም ጤና ይስጥሽ።

የሐምሌው ደብዳቤሽ የደረሰኝ በሌላ ነገር ስንገበገብ ነው። ማስታወሻሽም ተከታትሎ መጣ። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ሹፌሩና ሹራብ ሠሪዋ ጎረቤቶቼ አይደሉም። ከቤታችን ሁለት መንገድ ተሻግሮ አንድ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የእዚያ ሰዎች ናቸው። ወደዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የምውለው እዚያ ነው። እስከ ዛሬ የጻፍኩልሽን ሁሉ የጻፍኩትም እዚያ ቁጭ ብዬ ነው። ቤታችን ጸጥ ያለ ነው ብዬሽ ነበር። ጸጥ ያለ ነው፤ ጸጥ የምለው እኔ ነኝ። ልጄ ቀን ስለምትተኛ ሳል ሲመጣብኝ ትራስ ላይ ተደፍቼ እስላለሁ። ወንበር ከሳብኩ ከመኝታ ቤት «አባዬ፣ እባክህ» የሚል ድምፅ ይመጣል። አልፈርድባትም፤ ደክሟት ነው። ግን ይህን ሃያ ጊዜ ከሰማሁ በኋላ ጫማዬን በእጄ ይዤ መውጣት ጀመርኩ።

ያ ቤት ሲገቡበት ይሞቃል። ሶላር አለው፤ የዝናቡን ውሃ ያጠራቅማል፤ አንዱን ጥግ ሻይ ይሸጡበታል። አዎ፣ ሻይ። ሹፌሩ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቋንቋዬን እያረመ ይስቅብኛል። ሹራብ ሠሪዋ ስለ ጉልበቷ ካወራች ሌላው ዝም ይላል፤ ወረፋው ይጠበቃል። በስተኋላ በኩል የዝምታ ክፍል አለ፤ በሩ ወፍራም ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልገባሁበትም።

በሐምሌ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ወጪ በዝቷል፤ ይዘጋል። የዚህም አገር ማዘጋጃ ቤት ሰው ቆጥሯል፤ ቁጥሩ አልጣመውም። ቁጣዬን ልነግርሽ አልችልም። እኛን መጽሐፍ ስላልተዋስን አልቆጠሩንም! በየቀኑ ተቀምጠን የዋልነውን፣ ከኛ ሌላ የሚያናግረን የሌለንን ሰዎች፣ ተጠቃሚ አይደላችሁም አሉን። ስብሰባ ጠርተው ነበር፤ ሄድኩ። ሁለት ደቂቃ ሰጡኝ። በተሰባበረ ቋንቋ የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ሹፌሩ አጠገቤ ቆሞ የጎደለኝን ቃል ያቀብለኝ ነበር። ሰብሳቢው «አስተያየትዎን ተቀብለናል» አለኝ። ይህን አነጋገር በየትኛውም ቋንቋ ቢነገር አውቀዋለሁ፤ ሰው በመስኮት በኩል የሚሸኝበት ነው። ከዚያም በተባለው ቀን፣ በተባለው ሰዓት ዘጉት።

ማዘጋጃ ቤት ቀን አያከብርም ብዬሽ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሊሠራ ሲሆን ነው የማያከብረው፤ ሊዘጋ ሲሆን ግን ደቂቃ አያሳልፍም፤ እዚያም እዚህም።

ፊርማዬ ከዚህ ጋር አለ።

አጎትሽ

ጥቅምት 4

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ስለ ጤናዎ ከልቤ አስባለሁ፤ አሁን ደግሞ የሚውሉበት ስለሌለ ይበልጥ አስባለሁ። ይህን በቅድሚያ የጻፍኩት ከዚህ በታች ያለው የሚያስብልዎት ሰው ጽሑፍ ስለማይመስል ነው።

ፊርማዎ ደርሶኛል። ቆንጆ ፊርማ ነው። ለማን ልስጠው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ይህን ተረት ለታላቅ መጻፍ ነውር ነው፤ ጻፍኩት። ለሹሙ ወሰድኩለት። አየና «ጊዜው አልፏል» ብሎ መለሰልኝ።

የእርስዎን ነገር ሳስበው ደግሞ እንቅልፍ አጣለሁ። ሻይዎን እየጠጡ ነው ለእኔ ሻይ የከለከሉኝ። እየሳቁና እየተሳቀብዎት ነው «ዝናብ የሸሸ መንገደኛ» ብለው የጻፉልኝ። ለእርስዎ ሲሆን የሚሞቅ ቤት፣ ለአዋላጇና ለልብስ ሰፊው ሲሆን ሥርዓት? እኛ እኮ የጠየቅነው እርስዎ በየቀኑ የሚያገኙትን ነው። አንድ ቀን፣ በአንድ መስመር፣ «የእህቴ ልጅ፣ እኔም እንዲህ ያለ ቦታ ነው የምውለው» ቢሉኝ ምን ይጎድልብዎ ነበር? አንድ መስመር ቤቱን ያድነው ነበር።

እሺ፣ ይህን ተናገርኩት። አሁን ሌላውን ልንገርዎት።

ለእንቅልፍ ይመጣሉ ካልኩዎት ሁለት ሰዎች አንደኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሲተኙ ኖረው ቤቱ ሲዘጋ ነቁ። ውሉን እንዳነብላቸው አዘዙኝ፤ አነበብኩላቸው። «ለንባብ እስካገለገለ ድረስ» የሚለው ላይ አስቆሙኝ። የግብር መዝገብ ማከማቸት ንባብ ከተባለ ዳኛው ፊት ቀርበው ይበሉት አሉ። ለንባብ ካልዋለ ቤቱ ለልጆች ይመለሳል። በውሉ ልጅ የተባሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት። እኔ የልጅ ልጅ ነኝ፤ ክስ ብመሠርት አንቺ ማን ነሽ ይሉኛል። ውክልና ቢልኩልኝ ውክልናውን ሲያጣሩ ዓመት ያልፋል። ሰውዬው ራሱ በእግሩ ከቆመ ግን የክሱ መዝገብ በዚያው ቀን ይከፈታል አሉኝ።

እስከዚያው እኛ በረንዳ ላይ ነን። ልብስ ሰፊው ሶላሩን ሱቁ ጣራ ላይ ሰቅሎታል። ተማሪዎቹ ከመጻሕፍቱ ክምር ጀርባ ወንበር ደርድረው ያነባሉ፤ እኛ ከፊት ለፊት እናወራለን። ረጅሟ ልጅ ስንጮህ ብቅ ብላ ታየናለች፤ ያን ጊዜ እንቀንሳለን። ዝናብ ሲመጣ ግን ሁላችንም እንበተናለን። ጣራው አሁንም ያፈሳል፤ መዝገቡ ላይ ያንጠባጥባል። ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነው።

ይምጡ ብዬ አልለምንዎትም። ዕድሜዎን አውቃለሁ፤ መንገዱን አውቃለሁ። ቢመጡ ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ቤቱ ሲመለስ መስኮቱን ሊመልሱ፣ ማን ለየትኛው መጽሐፍ ደረሰ እያሉ ሊመዝኑን ከሆነ እባክዎ አይምጡ። በረንዳው ይሻለናል።

የእህትዎ ልጅ

ጥቅምት 29

ለእህቴ ልጅ፣

ቁጣሽ ደርሶኛል፤ ከነተረቱ። ሁሉንም ዋጥኩት። እህቴ ብትኖር እስክሪብቶውን አትቀማሽም ነበር፤ ቀለም ትጨምርልሽ ነበር እንጂ።

ቲኬት ቆርጫለሁ። ልጄ ስነግራት አለቀሰች፤ ከዚያም ተኛች፤ ሥራ ነበራት። ሹፌሩ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በአውቶቡስ አብሮኝ ሊሄድ ነው፤ ነድቶ የማያውቀው መንገድ ስለሌለ አትጠፋም ብሎኛል። ሹራብ ሠሪዋ ለወገቤ የሚታሰር ነገር ሰጥታኛለች። አሁን የሚገናኙበት ስለሌላቸው፣ ከሄድኩ በኋላ ደብዳቤ የት ብዬ እንደምጽፍላቸው እንኳ አላውቅም።

ፊርማ በፖስታ ይሄዳል፤ ቁጣ ግን በአካል ሲሆን ነው የሚያምረው። ያ ሹም «መዝገብም ይነበባል» ያለውን ዳኛው ፊት ቆሞ፣ እኔን ዓይን ዓይኔን እያየ ይድገመው። ለጸሐፊው ሽማግሌ ሰላምታ አቅርቢልኝ፤ እስክመጣ እንዳይተኙብኝ። አዋላጇንም አገናኚኝ። የምነግራትን ነገር በደብዳቤ አልጽፈውም፤ ያን ጊዜ በመስኮት በኩል ነበር ያናገርኳት፣ አሁን ፊት ለፊት ይሁን።

አንድ ነገር ግን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ፤ ቤት ሊያስመልስ የመጣ ጀግና ነው ብለሽ ለሰው እንዳታወሪ። የምመጣው ለናንተ ብቻ አይደለም። እዚህ የምቀመጥበት አጣሁ። ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ቀኑን የማሳልፈው መንገድ ላይ በመዞር ነው፤ ሲበርደኝ ገበያ አዳራሽ እገባለሁ፤ የማልገዛውን ዕቃ እያነሣሁ አስቀምጣለሁ፤ ጥበቃው ይከተለኛል። በዚህ ዕድሜዬ «ምን ፈልገህ ነው?» ተብያለሁ። ሰው በዚህ ምድር ላይ ምንም ሳይገዛ የሚቀመጥበት ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ይህን ለማወቅ ከሰባ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል።

መስኮቱን አልመልስም። ሥዕሉን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የዝምታው ክፍል የተማሪዎቹ ነው፤ በሩ ወፍራም ይሁን። እኔን ፊት ለፊት አዳራሹ ውስጥ አስቀምጪኝ። ቤቱ እስኪመለስም በረንዳው ላይ አንድ ወንበር ያዢልኝ። ጆሮዬ እየደከመ ስለሆነ፣ ጮክ ብሎ ከሚያወራ ሰው አጠገብ ይሁን።

አጎትሽ